መሣሪያው ምን አጠፋ?

«ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሙዚቃን ነፍስ አደረቀ» የሚሉ ሐያሲያን አሉ። እስቲ ሁለት አባላት ብቻ የነበሩት የእንግሊዙ «ያዙ» (ስሙ በእኛ ቋንቋ ትእዛዝ ይመስላል) በ1982 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመጀመሪያ ሸክላ፣ «አፕስቴርስ አት ኤሪክስ»ን ያድምጡ። ከ«ዴፔሽ ሞድ» የተለየው ቪንስ ክላርክ በሲንተሳይዘር ያጅባል፤ አሊሰን ሞዬ ግን የጥቁር አሜሪካውያን ብሉዝ በገራው ጎርናና ድምፅ ትዘፍናለች። መሣሪያው ምቱን ሳያዛንፍ ይቆጥራል። እርሷ አንዳንዴ ወደኋላ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ ቀድማው ትሰበራለች፤ «ኦንሊ ዩ» በተባለው ዘፈን ሐዘኑ የሚወለደው ከዚሁ አለመገጣጠም ነው። ነፍስ የለውም የተባለው ብረት የድምፅዋን ነፍስ አጋለጠው እንጂ መቼ ቀበረው? ደግሞስ ባዶ ዘፈን በክራርና በማሲንቆ ታጅቦ ስንት ጊዜ ሰምተን የለም? ያኔ ክራሩን ከሰስነው?