ሁለት ቦምቦላ ተሸክሜ እግሬ አልነሳ አለኝ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከኤይላት፣ ከቀይ ባህር ዳር ነው፡፡ ጸሐፊው እዚያ በአንድ ሆቴል የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት ሲሆን "ስሜን እንዳትጠቅስብኝ" ስላለ አልጠቅስም፡፡ "ባህር ለሌለን ሰዎች ይሄ ምን ይፈይዳል?" የምትሉ አትጠፉም፡፡ ግዴለም፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት፡፡

ልጁ እንዲህ ይላል፡-

"በአንድ ቦምቦላ ሁለት ዓመት ጠልቄያለሁ፡፡ ጎበዝ ነህ እባል ነበር፡፡ በቅርቡ የሁለት ወር ደመወዜን አውጥቼ ባለ 12 ሊትር መንታ የብረት ቦምቦላ ገዛሁና ስልጠናውን ጀመርኩ፡፡ ከዚያ ወዲህ እግሬ ወደ ታች እየተንጠለጠለ አሸዋውን አቧራ አደርገዋለሁ፡፡ ስገባ ቶሎ አልሰምጥ ስል ደግሞ ቀበቶዬ ላይ እርሳስ እጨምራለሁ፤ አሁን 6 ኪሎ ደርሷል፡፡ ጓደኞቼ ይስቁብኛል፡፡ ባለፈው ሳምንት 25 ሜትር ላይ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፡፡ እርሳስ ልጨምር ወይስ ዕቃውን ልሽጠው?"

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እርሳስ መጨመሩን ተው! እኔም መንታ ቦምቦላ የተሸከምኩ ሰሞን ይሄው ነው የደረሰብኝ፡፡ አላሰምጥ ያለኝ ክብደት ማነሱ ሳይሆን ፍርሃቴ ነበር፡፡ የፈራ ሰው ትንፋሹን ስቦ ይይዛል፤ ሳንባ ውስጥ የቀረ አንድ ሊትር አየር ደግሞ አንድ ኪሎ ያህል ወደ ላይ ያነሳል፡፡ እኔ ግን "ፈርቻለሁ" ማለት አፍሬ 4 ኪሎ እርሳስ ጨመርኩ፡፡ አስተማሪዬ አይቶ ዝም አለና ትንፋሼን በረጅሙ እንዳወጣ ምልክት ሰጠኝ፡፡ ከዚያ እርሳሱን አንድ በአንድ ፈታው፡፡ ሁሉም ወልቆ አልቆ ያለ ችግር ሰመጥኩ፡፡

አሁን ትርፉ እርሳስ የሚሠራውን ልንገርህ፡፡ ክብደት ሲበዛብህ እሱን ለመሸከም ጀርባህ ላይ ያለውን ከረጢት አብዝተህ ትነፋለህ፡፡ አየሩ ትከሻህ ላይ ይሰበሰባል፣ እርሳሱ ወገብህን ወደ ታች ይጎትታል፡፡ በቃ፣ ቆመህ ቀረህ ማለት ነው! ቆሞ የሚዋኝ ሰው ውሃውን በደረቱ ይገፋል፣ ቶሎ ይደክማል፡፡ 25 ሜትር ላይ ደግሞ ግፊቱ ከላይኛው 3.5 እጥፍ ስለሆነ የምትስበው አየር ወፍራም ነው፤ ቦምቦላውም በዚያው ልክ ይፈጥናል፡፡ ትንፋሽህ ያጠረው ሰነፍ ስለሆንክ እንዳይመስልህ፡፡

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? ልኩ የሚታወቀው በመግቢያው ሳይሆን በመውጫው ነው፡፡ አየርም እኮ ይመዝናል፤ አንድ ሊትሩ 1.2 ግራም ገደማ ነው፡፡ ሁለት ባለ 12 ሊትር ቦምቦላ ከ200 ባር ወደ 50 ባር ሲወርድ 3,600 ሊትር አየር ወጣ፤ ይህ ከ4 ኪሎ በላይ ነው፡፡ ስለዚህ ስትገባ ከበድ ማለትህ የግድ ነው፡፡ ዋናው ነገር ስትጨርስ 5 ሜትር ላይ ሳትንሳፈፍና ሳትሰምጥ መቆም መቻልህ ነው፡፡

እንዲህ አድርግ፡፡ ከአስተማሪህ ጋር ሆነህ፣ ሁልጊዜ የምትለብሰውን ልብስ ለብሰህ፣ ቦምቦላው 50 ባር ሲደርስ 5 ሜትር ላይ ቁም፡፡ ከረጢቱን ባዶ አድርገህ እንደወትሮህ ተንፍስ፡፡ ከሰመጥክ አንድ ኪሎ አውጣ፣ ከተንሳፈፍክ አንድ ኪሎ ጨምር፡፡ ያገኘኸውን ቁጥር ጻፈው፡፡ የቀይ ባህር ውሃ ከብዙዎቹ ባህሮች ይበልጥ ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ቦታ ስትሄድ ልኩ ይለያል፡፡

ክብደቱ ከተስተካከለ በኋላ ወደ አቋምህ ና፡፡ በደረትህ ተኛ፣ ወደ ፊት እይ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ከዚያ ምንም አትንቀሳቀስ፡፡ እግርህ ከወረደ የቦምቦላውን ማሰሪያ ፈትተህ ቦምቦላውን 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ራስህ አስጠጋው፡፡ ጭንቅላትህ ከወረደ ወደ እግርህ መልሰው፡፡ ነገር ግን ልክ አለው፡፡ በጣም ከወጣ ቀና ስትል ማጅራትህን ይመታሃል፤ በጣም ከወረደ እጅህ ቫልቮቹ ጋ አይደርስም፡፡ ሁለቱን የዳርና የመሃሉን መዝጊያ ራስህ መድረስ ካልቻልክ፣ አየር መሾለክ የጀመረ ቀን ሁለት ቦምቦላ መያዝህ ምንም አይጠቅምህም፡፡

አሁን ዋናው ጉዳይ፡፡ ደብዳቤህ ውስጥ ያስደነገጠኝ እግርህ አይደለም፡፡ ሙሉ መንታ ብረት ተሸክመህ፣ 6 ኪሎ እርሳስ ታጥቀህ፣ ያ ከረጢት አንድ ቀን ቢቀደድስ? የላስቲክ ልብስህም ቢሆን ጥልቀት ላይ ስለሚጨመቅ አያነሳህም፡፡ ስለዚህ ቦምቦላው ሙሉ ሳለ፣ አስተማሪህ ከጎንህ ሆኖ፣ ጥልቀት በሌለው ቦታ ከረጢቱን ባዶ አድርገህ በእግርህ ብቻ ወደ ላይ መዋኘት ትችል እንደሆነ ሞክር፡፡ ያለ አንድ ግራም እርሳስ እንኳ ካቃተህ፣ ብረቱ ለልብስህ አይሆንም፡፡ ሽጠውና ቀለል ያለ የአሉሚኒየም መንታ ግዛ፡፡ እሱ ጥቂት እርሳስ ይፈልግ ይሆናል፤ ግን እርሳስ በችግር ጊዜ ፈትተህ ትጥለዋለህ፣ ብረት የት ትጥለዋለህ?

ከሁሉ በፊት ደግሞ 25 ሜትር ላይ የሆንከውን ለአስተማሪህና አብሮህ ለሚጠልቀው ጓደኛህ ዛሬውኑ ንገር፡፡ ካልነገርከው እንዴት ይረዳሃል? ቢስቅ ይሳቅ! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንጂ ሳቅ ሰው አይገድልም፡፡

አያችሁ ውድ አንባቢያን? እኛም ደረቅ መሬት ላይ "አልቻልኩም" ማለት አፍረን የምንጨምረው እርሳስ ስንት ነው! ለሁሉም ከመጠምጠም መማር ይቅደም፡፡

ሳምንት ያገናኘን፡፡