ስለ ብስክሌት ጥርስና ልክን ስለ ማወቅ

ለቤተሰብ ከሚያገለግሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ብስክሌት ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነ ዕቃ በቀላሉ አይገኝም። ገብስ አይጠይቅም፤ ገለባም አይፈልግም። ይልቁንም በጣና ዳርቻ ምድሩ ሜዳ ስለ ሆነ ይስማማዋል፤ ባሕር ዳርም በብስክሌቷ የታወቀች ከተማ መሆኗን የማያውቅ የለም። ከዚያ ወደ ጎንደር በሚወስደው ጎዳና ከወረታ አልፎ፣ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት፣ በጥንት ገበያዋ ስሟ የተጠራ ይፋግ ትገኛለች።

አሁን በይፋግ አንድ ብስክሌት ያለው ቤተሰብ አለ ብለን እናስብ። አባት በገበያ ቀን ዕቃ ያመላልስበታል፤ ልጂቱ በሌላው ቀን ትምህርት ቤት ትሄድበታለች። ከጊዜ በኋላ ግን በኋላው ጎማ ላይ ያለው ጥርሳም መዘውር ይበላና ጥርሱ እንደ ማጭድ ይጎብጣል፤ ካቴናውም እየዘለለ አልይዝ ይላል። ብስክሌቱ አሮጌ ስለ ሆነ ልኩ በሱቅ ይታጣል። እንግዲህ ከስንዴ ቅንጣት ብዙ በማይበልጥ ጥርስ ምክንያት ብስክሌቱ ከግድግዳ ተደግፎ አቧራ ይለብሳል፤ ልጂቱም ረጅሙን መንገድ በእግሯ ትሄዳለች። እኛ ግን ይህ ዕቃ ቶርኖና የብረት መብሻ ባለበት በማናቸውም ትንሽ የሥራ ቤት ሊሠራ የሚችል መሆኑን ለማስረዳት እንወዳለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ካቴናው ይመርመር። በተለመደው ብስክሌት ከአንዱ መጋጠሚያ ማዕከል እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 12.7 ሚሊሜትር ነው፤ ስለዚህ 24 መጋጠሚያ ተወጥሮ ሲለካ 304.8 ሚሊሜትር ይሆናል። ልኩ 308 ከደረሰ ካቴናው ስላለቀ ይለወጥ፤ አለዚያ አዲሱንም ጥርስ ፈጥኖ ይበላዋል።

ቀጥሎ የክቡን ስፋት ማስላት ነው። 180ን በጥርሱ ቁጥር አካፍሎ፣ የተገኘውን ማዕዘን ሳይን ወስዶ፣ 12.7ን በርሱ ማካፈል ይገባል። ጥርሱ 18 ሲሆን ማዕዘኑ 10 ዲግሪ ነው፤ የክቡም ስፋት 73.14 ሚሊሜትር ይሆናል። ካቴናው የሚቀመጥባቸው የ18ቱ ጎድጓዶች ማዕከል ሁሉ በዚህ ክብ ላይ ይውላል።

ችግሩ ያለው ክቡን በ18 እኩል በመክፈል ላይ ነው። ሠራተኛው ኮምፓሱን ከፍቶ በክቡ ላይ እየተራመደ ነጥብ ቢያደርግ፣ በአንዱ እርምጃ የሳተው የአንድ ሚሊሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ቢሆንም፣ በ18ኛው 1.8 ሚሊሜትር ይሆንበታል። የመጨረሻው ጥርስ ከመጀመሪያው አይገጥምም። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነውና፣ 11ዱ ቀን በየዓመቱ ባይታሰብ ኖሮ ጥቂቱ ተከማችቶ ጾሙንና በዓሉን ከወቅቱ ባወጣው ነበር።

የዚህ መድኃኒቱ በሰፊው ለክቶ በጠባቡ መሥራት ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ ጣውላ ይዘጋጅ። በዙሪያው ልክ የሚጠመጠም የወረቀት ጥብጣብ ይቆረጥ፤ ርዝመቱም 942 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ጥብጣቡ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ ምልክቱ ሁሉ ከአንድ መነሻ እየተለካ፣ በ18 እኩል ይከፈልና በጣውላው ዙሪያ ይለጠፍ። በጣውላው ጠርዝ ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ ስሕተት በትንሹ ክብ ላይ ወደ አንድ ስምንተኛ ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ከአንዱም ምልክት ወደ ሌላው አይከማችም።

ከዚህ በኋላ ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር የሚያህል የብረት ገበታ ከጣውላው ጋር በብሎን ይታሰር። ሁለቱ በአንድነት በመብሻው ጠረጴዛ ላይ በቆመ እንዝርት ይዙሩ፤ እንዝርቱም ከመብሻው ጫፍ ማዕከል 36.57 ሚሊሜትር ይራቅ። አንድ ምስማር እንደ ጠቋሚ ተተክሎ፣ ምልክቱ ከምስማሩ ፊት በደረሰ ጊዜ ሁሉ አንድ ቀዳዳ ይበሳል፤ አስቀድሞ በቀጭኑ፣ ኋላም በ8 ሚሊሜትር መብሻ። ብረቱ በቶርኖ ላይ ታስሮ የውጭ ስፋቱ 79.6 ሚሊሜትር እስኪሆን ሲቀረጽ ቀዳዳዎቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። አፋቸው ጠባብ ስለ ሆነ ግን ካቴናው በቀላሉ እንዲገባና እንዲወጣ በሞረድ ይስፋ፤ የጥርሱም ጎንና ጫፍ ይሳሳ። ቶርኖ በሚዞርበት አጠገብ ነጠላ ለብሶ ወይም እጅጌ አንጠልጥሎ መቆም ለሕይወት የሚያሰጋ ስለ ሆነ ክልክል ነው።

የአሮጌው መዘውር እምብርት ደኅና ከሆነ አይጣልም። ያለቀው ጥርስ በቶርኖ ተላጭቶ፣ የአዲሱም ቀለበት ውስጥ በልኩ ተቀርጾ ይልበስበትና ይበየድ። በእምብርቱ ውስጥ ያሉት ትንንሽ መያዣዎችና ምላሾች እሳት ስለሚያበላሻቸው አስቀድመው ተፈትተው ይውጡ።

ለራሱ የሚሠራ ሰው እንደ ፈቃዱ መምረጥም ይችላል። የፊተኛው መዘውር 48፣ የኋለኛው 18 ጥርስ ሲኖረው፣ የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ከሆነ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 5.87 ሜትር ይሄዳል። የኋለኛው 20 ቢሆን 5.28 ሜትር ብቻ ይሄዳል፤ ነገር ግን ጭነት ላለበት ሰው እግሩን ያቀልለታል። ለ20 ጥርስ የክቡ ስፋት 81.18 ሚሊሜትር መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ይህን ሁሉ በቤተሰብ ገጽ ላይ መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ብረት የሚሠራ ሰው ማረሻችንን እየሠራልን ቡዳ ተብሎ ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ነገር ግን አዋጅ አደባባዩን እንጂ የእናትና የአባትን ልብ ፈጥኖ አይገዛም። ከይፋግ ብዙ በማይርቀው በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በሚሲዮን ባለሙያዎች እጅ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አሠርተው፣ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ አድርሰውት ነበር። በዚያው ዓመት ንጉሠ ነገሥቱ ሲሞቱ ባለሙያዎቹም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ የጋፋትም ሥራ ቆመ። ሙያ በቤተሰብ ውስጥ ካልተተከለ ታላቁም ሥራ ከሠሪው ጋር ይሄዳል።

ዛሬ ግን መማሪያው ቅርብ ነው። በባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ አሁን በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ያስተምራል። ስለዚህ ወንድ ልጃችሁም ሆነ ሴት ልጃችሁ እጃቸው በዘይት ጠቁሮ ወደ ቤት ቢገቡ አትቈጡአቸው። ይልቁንም ኮምፓስና ካሊፐር ግዙላቸው፤ ያለቀውን ጥርስ በጠረጴዛ ላይ አኑራችሁ ስንት ጥርስ እንዳለውና የክቡ ስፋት ምን ያህል እንደ ሆነ እንዲያሰሉ ጠይቋቸው። ሠራተኛውም ብስክሌታችሁን አድሶ ባመጣ ጊዜ ዋጋውን ከመክፈል ጋር ወንበር ስጡትና ልጆቻችሁ ባሉበት ሥራውን እንዲያስረዳ አድርጉ።