«ብርድ ነው» አትበሏት!

የዛሬው ጽሑፌ ቆጣ ያለ ነው። ምክንያቱን አንብባችሁ ፍረዱ።

በአገራችን አንዲት ሴት «ወገቤን አመመኝ» ስትል ከሐኪም በፊት የሚፈርዱላት ብዙ ናቸው። ጎረቤት «ብርድ መትቶሽ ነው» ይላታል። መድኃኒት ቤት «ነርቭ ነው» ብሎ የዲክሎፌናክ መርፌ ይሸጥላታል። ዘመድ ወጌሻ ይጠራላታል። አንዳንዴም፣ የሙያ ባልደረቦቼ አትቀየሙኝና፣ ሐኪሙ ራሱ ጀርባዋን በእጁ ሳይነካ «ዲስክ ነው» ብሎ ማስታገሻና ቢ ኮምፕሌክስ ጽፎ ይሸኛታል።

ለብዙው ተራ የወገብ ሕመም ይህ ገንዘብና ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። የጡት ካንሰር ታክማ ለምታውቅ ሴት ግን እግሯን ሊያሳጣት ይችላል።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር፦ የጡት ካንሰር ያለባት ወይም ከዚህ በፊት የነበረባት ሴት አዲስና የማይለቅ የአጥንት ሕመም ከጀመራት፣ ሌላ መሆኑ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰሩ አጥንት ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል ተብሎ መመርመር አለባት። «ከታከመች እኮ 8 ዓመት አልፏታል» አይሠራም። አንዳንዱ የጡት ካንሰር፣ በተለይ በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት፣ ከ10 ወይም ከ15 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ሲመለስ ደግሞ ከሁሉም አካል ይበልጥ የሚያዘወትረው አጥንትን ነው።

አጥንቱ ለምን ያማል?

ከጡት የተነሱ የካንሰር ሴሎች በደም ተጉዘው መቅኔ የሚበዛበት አጥንት ላይ ያርፋሉ፤ በተለይ ጀርባ አጥንት፣ ዳሌ፣ የጎድን አጥንት፣ የጭንና የክንድ አጥንት የላይኛው ክፍል ላይ። አጥንታችን ሕይወት ያለው አካል ነው፤ አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሴሎች አሉት። ካንሰሩ በዋናነት አጥንቱን የሚጎዳው እነዚህን አፍራሽ ሴሎች በመቀስቀስ ነው። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ተከማችተው የነበሩ የእድገት ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፤ እነሱ ደግሞ ካንሰሩን ይመግቡታል። የተመገበው ካንሰር አፍራሾቹን ይበልጥ ይቀሰቅሳል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

ሕመሙ የሚመጣው ከብዙ አቅጣጫ ነው። ከካንሰሩና ከአፍራሾቹ ሴሎች የሚወጣው አሲድና ኬሚካል በአጥንቱ ውስጥ ያሉትን ነርቮች ይለበልባል። የአጥንቱ ሽፋን ይወጠራል። የሳሳው አጥንት በጥቃቅኑ ይሰነጠቃል፤ ስትነሳና ስትራመድ የሚወጋት ይህ ነው። አንዳንዴ ያለ ምንም አደጋ፣ ባልዲ ስታነሳ ወይም አልጋ ላይ ስትገላበጥ ይሰበራል። ከጀርባ አጥንት የተነሳው ደግሞ ነርቭንና ህብለ ሰረሰርን ሊጫን ይችላል።

እንዲህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይጸናል፣ ሌሊት ይብሳል፣ በእረፍት አይለቅም፣ ከሳምንት ሳምንት ይጨምራል። ጋቢ ቢደረብበት አይሞቅም።

ሁሉም ሕመም ካንሰር ነው ማለቴ ነው?

አይደለም። «ሰው አታስፈራሪ» ለምትሉኝ ይህንን አስምሩበት። አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል ከሚወስዱ ሴቶች ግማሽ ያህሉ የመገጣጠሚያ ሕመም አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እጅና ጉልበት፣ ጠዋት ሲነሱ የሚያስር ነው። እነዚሁ መድኃኒቶች አጥንትንም ያሳሳሉ። ፓክሊታክሴል ኬሞ ከተሰጠ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት አጥንትና ጡንቻ ያማል። ነጭ የደም ሴል የሚጨምረው የፊልግራስቲም መርፌም አጥንትን ያማል። ታሞክሲፌን ሲጀመር በነበረው የአጥንት ሕመም ላይ ለጥቂት ሳምንታት ሊብስ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱን ያለ ሐኪም ምክር ለማቆም ምክንያት አይደለም። በአገራችን ደግሞ የጀርባ አጥንት ቲቢ አለ፤ በምስል ካንሰር ሊመስል ስለሚችል አንዳንዴ ናሙና መውሰድ ግድ ነው።

እንግዲህ ምክንያቱ ይህን ያህል ከበዛ፣ በር ላይ ቆሞ «ብርድ ነው» የሚል ሰው በምን አወቀው? የኔ ክርክር ይኸው ነው። ካንሰር ነው ብላችሁ አትፍረዱ፤ ካንሰር አይደለም ብላችሁም አትፍረዱ። አስመርምሯት።

የሚያስቆጡኝ አራት ነገሮች

1. መታሸት። ወጌሻ ስብራት አይቶ ያድግ ይሆናል፤ በካንሰር የተቦረቦረውን አጥንት ግን በእጁ ዳብሶ ሊለየው አይችልም። የሳሳ የጀርባ አጥንትን በኃይል ማሸት፣ መጠምዘዝና መጫን ስብራትና ሽባነት ሊያመጣ ይችላል። ምርመራ ሳይደረግ አይታሽ።

2. የዲክሎፌናክ መርፌ በየሳምንቱ። ሕመሙን ለጥቂት ሰዓት ያደነዝዛል፤ በዚያው ልክ ምርመራውን ያዘገያል። ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል። ኩላሊቷ ከተጎዳ በኋላ ለአጥንቷ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት መስጠት ይቸግረናል።

3. «ራጅ ተነስታ ምንም የለም ተባለ»። ጉዳቱ በተራ ራጅ እስኪታይ ድረስ ከአጥንቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው መሳሳት አለበት። ንጹህ ራጅ ጉዳዩን አይዘጋውም። ሕመሙ ከቀጠለ ኤምአርአይ፣ ሲቲ ስካን ወይም የአጥንት ስካን፣ እንዲሁም የካልሲየም ምርመራ ጠይቁ።

4. ምስጢር ማድረግ። ይህኛው በጣም ያሳዝነኛል። ቤተሰብ «እንዳትደነግጥ» ብሎ ካንሰሩን ከራሷ ከበሽተኛዋ ይደብቃል። «እጢ ነበር፣ ወጥቷል» ተብላ ትኖራለች። ከዓመታት በኋላ ወገቧን አሟት ሌላ ክሊኒክ ስትሄድ «ከዚህ በፊት ሕመም ነበረብሽ?» ስትባል «ምንም» ትላለች። አልዋሸችም፤ የምታውቀው እሱን ነው። ሐኪሙም እንደ ማንኛውም የወገብ ሕመም ያክማታል። የደበቃችሁላት ድንጋጤውን ይመስላችኋል፤ የደበቃችሁባት ሕክምናዋን ነው። ልጆች፣ እናታችሁ የራሷን በሽታ ስም የማወቅ መብት አላት።

«ካንሰር ከሆነስ ምን ሊደረግላት ነው?»

ከ«ብርድ ነው» ጀርባ የተደበቀው ፍርሃት ይህ ነው። አጥንት ከገባ አለቀ ይባላል። አላለቀም። ካንሰሩ አጥንት ላይ ብቻ የወጣባቸው ብዙ ሴቶች በሕክምና ለዓመታት ይኖራሉ፤ ልጅ ያሳድጋሉ፣ ሥራ ይሠራሉ። ካንሰሩን ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ባይቻልም መቆጣጠር ግን ይቻላል።

በሆርሞን መድኃኒት ወይም በኬሞ ካንሰሩ ይገታል። ዞሌድሮኒክ አሲድ የሚባለው በደም ስር የሚሰጥ መድኃኒት አፍራሾቹን ሴሎች አስታግሦ ስብራትን ይቀንሳል፤ ከመጀመሩ በፊት ጥርስና ኩላሊት ይታያል። ሊሰበር የተቃረበን የጭን አጥንት የአጥንት ሐኪም ሳይሰበር በብረት ይደግፈዋል።

ጨረርም አለ። በአገራችን ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል፤ ወረፋው ግን አሁንም ያሰለቻል። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀውን ልንገራችሁ፦ ለአጥንት ሕመም ማስታገሻ በአንድ ቀን ብቻ የሚሰጥ 8 ግሬይ ጨረር፣ በአብዛኛው ለብዙ ቀናት ተከፋፍሎ ከሚሰጠው እኩል ሕመም ይቀንሳል። ሕመሙ ከተመለሰ ሊደገም ይችላል። ከሩቅ ለሚመጣና አዲስ አበባ ማደሪያ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። «ለሷ በአንድ ቀን የሚሰጠው ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሞርፊንን በተመለከተ ደግሞ፣ እባካችሁ ሞርፊን የሞት መድኃኒት አይደለም። የሕመም መድኃኒት ነው። በትክክል ለካንሰር ሕመም ሲታዘዝ ሱስ መሆን ብርቅ ነው። የሆድ ድርቀት ያመጣል፤ ስለዚህ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ ይታዘዛል። ሕመሟ የማያቋርጥ ከሆነ መድኃኒቱም ሰዓቱን ጠብቆ ይወሰዳል እንጂ ስታለቅስ ብቻ አይሰጥም። «ቻይው» ማለት ጽናት ማስተማር አይደለም። እንቅልፍ አጥታ የምታድር ሴት ምግብ አትበላም፣ ሕክምናዋን አትጨርስም፣ ጸሎቷንም በወጉ አታደርስም። ሐኪሙ ሞርፊን ለመጻፍ ካመነታ ምክንያቱን ጠይቁት። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ያሉ በቤት ድረስ የማስታገሻ ክብካቤ የሚሰጡ ድርጅቶችም አሉ።

በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል!

እነዚህ ከታዩ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ «ነገ እንሄዳለን» አይባልም፦

• የጀርባ ሕመም ሆኖ እግር መዛል፣ መደንዘዝ ወይም መንገዳገድ
• በሆድ ወይም በደረት ዙሪያ እንደ መቀነት የሚያስር ሕመም
• ሽንት እምቢ ማለት ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል
• ድንገት እግር መርገጥ ወይም ክንድ ማንሳት አለመቻል
• ከባድ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ ማስመለስ፣ የሆድ ድርቀትና መደናገር አንድ ላይ (ከአጥንት የወጣ ካልሲየም በደም ውስጥ ሲበዛ ይህን ያመጣል)

ህብለ ሰረሰር ሲጫን የሚቆጠረው በሰዓት ነው። በእግሯ እየሄደች ሕክምና የጀመረች ሴት አብዛኛውን ጊዜ በእግሯ ትቀጥላለች። እግሯ ሙሉ በሙሉ ከከዳት በኋላ በቃሬዛ የመጣች ግን ዳግም የመራመድ ዕድሏ በጣም ያነሰ ነው። ብዙ ጊዜ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ቤት ውስጥ «ብርድ ነው» እየተባለ ያለፈው ሳምንት ነው።

ፀበል የምትሄዱም ሂዱ፤ ሕክምናዋን ግን አታቋርጡባት።

እናንተም፣ ታክማችሁ በሰላም ያላችሁ እህቶች፣ የትም ጤና ተቋም ስትሄዱ የመጀመሪያ ቃላችሁ «የጡት ካንሰር ታክሜ አውቃለሁ» ይሁን። የምርመራ ወረቀታችሁን በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። ሐኪሙ ጀርባችሁን ሳይነካ ማስታገሻ ሊጽፍላችሁ ሲጀምር «ካንሰሩ አጥንቴ ላይ አለመድረሱን በምን አረጋገጡ?» ብላችሁ ጠይቁ። ነገር መፈለግ አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

ይህ ጽሑፍ በአካል የሚደረግን ምርመራ አይተካም። የጡት ካንሰር ታክማ ለምታውቋት እናት፣ እህት ወይም ጎረቤት ግን ዛሬውኑ ሼር አድርጉላት።

ጤናችሁን ይጠብቅልን።