አንዲት ፊደል ስትጐድል

ወሬ የሚጻፈው እንዲታመን ነው። አንባቢው ግን ነገሩ ከተፈጸመበት ስፍራ ሄዶ ሊመረምር አይችልም፤ ሊመረምር የሚችለው በእጁ ያለውን ጽሕፈት ብቻ ነው። ስለዚህ የሰዋስው ስሕተት ሲያገኝ፥ «ፊደሉን ያልጠበቀ ጸሐፊ ስሙንና ቁጥሩን እንዴት ጠብቆ ይሆን?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም። ባንድ ቃል የተጀመረው ጥርጣሬ ወሬውን ሁሉ ያዳርሳል።

ለምሳሌ የደብረ ብርሃንን ነገር እንመልከት። በቅርብ ዓመታት ከወለጋና ከሌላም ስፍራ ተፈናቅለው ወደዚች ከተማ የመጡ ብዙ ሰዎች፥ በመጠለያ ተቀምጠው ያገራቸውን ወሬ ሲጠባበቁ ኖረዋል። በእጅ ስልክ የሚደርሰው ወሬ ደግሞ ብዙ ጊዜ አራሚ ሳያየው የወጣ ነው። እንግዲህ «ገበሬዎቹ ታጣቂዎቹ አባረሩ» የሚል ጽሑፍ ቢደርሳቸው፥ ያባረረው ማን ነው? የተባረረውስ? «ን» የምትባለው አንዲት ፊደል በመጉደልዋ አጥቂውና ተጠቂው ተደባለቁ። ዘመድ ከዚያ የቀረበት ሰው በዚህች ፊደል ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ ያድራል።

ከዚህም በላይ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም። «ይመታል» ተብሎ ሲጻፍ፥ ቢላላ መቺው፥ ቢጠብቅ ተመቺው ነው። ስለዚህ ያማርኛ ጸሐፊ የቃሉን ዙሪያ አጥርቶ መጻፍ ይገባዋል።

የአንድ ግሥ ኀይል ምን ያህል እንደ ሆነ ታሪካችን ያስረዳል። ከደብረ ብርሃን አጠገብ ባንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋራ የውጫሌን ውል ተዋዋሉ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መረዳት እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገባቸው። ጠቡም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ አደረሰ። ይህ የጋዜጣ ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን «ይቻላል» እና «ግድ ነው» የማይለይ ጸሐፊ ምን ሊያደርስ እንደሚችል ያስተምራል።

እርግጥ ነው፥ ሰዋስው ያማረ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ሐሰትም በጠራ አማርኛ ይጻፋል። የሚያሳዝነው ግን እውነት በስሕተት ተጽፎ እንደ ሐሰት ሲጠረጠር ነው።

ስለዚህ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ሆይ፤ ጽሕፈታችሁን ከመላካችሁ በፊት ድምፃችሁን አሰምታችሁ አንብቡት፤ አድራጊው ማን፥ ተደራጊው ማን እንደ ሆነ ጠይቁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው፥ ከእጅ የወጣም ጽሕፈት አይመለስም። ብትሳሳቱም እርማቱን በግልጽ አውጡ፤ ስሕተቱን የሚያምን ጸሐፊ ይታመናልና።