«ተሳሳሙ» ማለት ብቻ አይበቃም

ሰው ከሰው ጋር በአንድነት እስከ ኖረ ድረስ አንዱ ሌላውን ማስቀየሙ የማይቀር ነገር ነው። በቤት ወንድም እኅቱን፥ በትምህርት ቤት ተማሪ ጓደኛውን፥ በሠፈርም ጎረቤት ጎረቤቱን ይበድላል። ስለዚህ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ይቅርታን ሊያስተምሩን መድከማቸው የሚያስመሰግናቸው እንጂ የሚያስወቅሳቸው አይደለም። ዳሩ ግን ይቅርታን ለልጆች የምናስተምርበት መንገድ ስሕተት ያለበት ስለ መሰለኝ አሳቤን በዚህ በዓመታዊው መጽሔታችን ላይ ለመግለጽ ፈለግሁ። ዕድሜዬ ገና ዐሥራ ስምንት ስለ ሆነ ታላላቆቼን ለመምከር የተነሣሁ እንዳይመስልብኝ አንባቢዎቼን እለምናለሁ። ከልጅነት የወጣሁት በቅርቡ ነውና፥ በደልና ይቅርታ በልጅ ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚውሉና እንደሚያድሩ ገና አልዘነጋሁትም።

ነገሩ ሁላችንም ያየነው ነው። ሁለት ልጆች ይጣላሉ። አንዱ የሌላውን ደብተር ይቀድበታል፥ ወይም ኳሱን ወስዶ ይጥልበታል። የተበደለው ያለቅሳል። እናት ወይም አክስት ከጓዳ ብቅ ትልና የልቅሶውን ምክንያት ሳትጠይቅ «በሉ ታረቁ! ተሳሳሙ!» ትላለች። ልጆቹም ጕንጭ ለጕንጭ ተነካክተው ይለያያሉ። ጩኸቱ ቆመ፤ ወጡም ሳያርር ቀረ። ልጆቹስ ምን ተማሩ? የበደለው ልጅ ማናቸውም በደል በአንድ መሳም እንደሚታጠብ ተማረ። የተበደለው ደግሞ ሰውን ያስቸገረው በደሉ ሳይሆን የእርሱ ልቅሶ መሆኑን ተማረ።

ይህን ስል በራሴ የደረሰውን ሳልናገር ብቀር ነገሬ ጎደሎ ይሆናል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁ ጊዜ፥ በሌላ ትምህርት ቤት ሳለሁ፥ አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ በሒሳብ ፈተና ላይ ከወረቀቴ ስትኮርጅ ተያዘች። ወዲያውም ተነሥታ የኮረጅሁት እኔ እንደ ሆንሁ ለአስተማሪው ተናገረች። ሁለታችንም ዜሮ ተሰጠን። ለአንድ ሳምንት ያህል በዕረፍት ሰዓት አንዳንድ ልጆች «ኮራጅ» እያሉ ሲጠሩኝ ሰነበቱ። በኋላ ከበስተኋላችን ይቀመጥ የነበረ ልጅ ያየውን መሰከረና እውነቱ ታወቀ፤ ማርኬም ተመለሰልኝ። ከዚያ ሁለታችንን ወደ ቢሮ አስገብተው «በይ ይቅር በያት፤ ተሳሳሙ» አሉን። እርስዋ ያደረገችውን በአፍዋ አልተናገረችም፤ እንድትናገርም የጠየቃት ሰው አልነበረም። «ኮራጅ» ይሉኝ ለነበሩት ልጆችም ነገሩ እንዲህ ነበረ ብሎ ያስረዳቸው አልተገኘም።

እኔ የሚጠበቅብኝን አደረግሁ። ሳምኋት፤ «ይቅር ብዬሻለሁ» አልኋት። ወደ ቤቴ ስሄድም ታላቅ ሥራ እንደ ሠራሁ ሆኖ እንዲሰማኝ ሞክሬ ነበር። ዳሩ ግን ያን ዓመት ሙሉ ያች ልጅ ጥያቄ መመለስ አቅቷት ስትቆም ባየሁ ቍጥር በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ብደብቀው ግን ጽሑፌ ውሸት ይሆናል። «ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

የሚያስገርመኝ፥ አገራችን እርቅን የማታውቅ አገር አለመሆንዋ ነው። ትልልቅ ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። የተበዳይን አቤቱታ እስከ መጨረሻው ያደምጣሉ፤ የበዳይንም መልስ ይሰማሉ፤ ነገሩ ካልጠራላቸው ለሌላ ቀን ቀጠሮ ይሰጣሉ። ካሣ የሚገባ ከሆነ ካሣው ይቈረጣል። በብዙ አካባቢ በደሉ ከባድ በሆነ ጊዜ በዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይቀርባል፤ ተበዳዩም «ይቅር ለእግዚአብሔር» እስኪል ድረስ እንዳጎነበሰ ይቆያል። ደም በፈሰሰ ጊዜ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው፥ በሌላውም ሕዝብ ዘንድ እንደየባህሉ ደም የሚያደርቅ ሥርዓት አለ። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈጃል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ድንጋዩን የሚሸከመው በዳዩ ነው። በልጆች እርቅ ግን ድንጋዩን የምናሸክመው የተበደለውን ልጅ ነው። ስለ አንድ የእርሻ ወሰን ሦስት ቀን የሚቀመጡ ሽማግሌ ለልጅ ልጃቸው ጠብ አምስት ደቂቃ ይነፍጋሉ።

የዮሴፍን ታሪክ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ተማሪ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ለልጆች ሲነገር ግን ተቸኩሎ መጨረሻው ላይ ይደረሳል፤ ዮሴፍ ወንድሞቹን ይቅር ብሎ አቅፎ አለቀሰ ይባላል። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፥ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ ወደ ግብፅ በወረዱ ጊዜ ዮሴፍ ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ልባቸው ተለውጦ እንደ ሆነ ለማወቅ መረመራቸው። ቀድሞ ወንድማቸውን ለባርነት ከሸጡት መካከል አንዱ የነበረው ይሁዳ፥ አሁን በትንሹ ወንድም በብንያም ፈንታ ራሱ ባሪያ ለመሆን በቀረበ ጊዜ ነው ዮሴፍ ዕንባውን መግታት ያቃተው። እኔ ይህን የመካከሉን ክፍል ያነበብሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ ቢነግሩኝ ኖሮ በመዘግየቴ ራሴን ክፉ አድርጌ ባልቈጠርሁም ነበር።

ከአገራችን ታሪክም ስለ ይቅርታ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ጕዳይ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሦስት ቀን ሙሉ ያደረሱትን እልቂት ያየ ሕዝብ በቀል ቢያምረው የሚፈረድበት አልነበረም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ግን፥ ጠላት ከተማውን በያዘ ልክ በአምስተኛው ዓመት ወደ አዲስ አበባ በተመለሱበት በዚያ ቀን፥ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳሰቡ። ብዙ ጣሊያኖችም በአገራችን ቀርተው በመካኒክነት፥ በግንበኝነትና በሌላም ሥራ ኖሩ። ይህን በታሪክ ትምህርት ስንማር እንኮራለን፤ መኵራትም ይገባናል።

ነገር ግን ታሪኩ በዚህ አላበቃም። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንድትከፍልና የወሰደችውን ቅርስ እንድትመልስ ተወሰነ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ግድብ የተሠራው በዚሁ በጦርነቱ ካሣ ነው። የአክሱም ሐውልት ግን በሮም ከተማ ቆሞ ቀረና፥ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ውሉ ከተፈረመ ከ58 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሐውልቱ ይመለስ እያሉ የጮኹትን ኢትዮጵያውያን ቂመኞች ብሎ የሚጠራቸው የለም። እንግዲያስ አንድ ሕዝብ ይቅር እያለ የተወሰደበትን መጠየቅ ከቻለ፥ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ «ይቅር ብዬዋለሁ፤ ኳሴን ግን ይመልስልኝ» ቢል ስለ ምን ክፉ ልጅ ይባላል?

አሁን ደግሞ በቤታችን የሆነውን ልናገር፤ አባቴ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል። አምና ከአባቴ ኮት ኪስ ሁለት መቶ ብር ጠፋ። በዚያው ቀን የዘጠኝ ዓመቱ ታናሽ ወንድሜ በኪሱ ሙሉ ብይ ይዞ ገባ። ብዩን በጨዋታ አሸንፎ እንዳገኘው ቢናገር የሚያምነው ጠፋ። አባቴም ሁላችን እያየን በጥፊ መታው። በማግሥቱ እናቴ ቡና እያፈላች ሳለ ድንገት ደነገጠች። የዕድሩ ገንዘብ ሰብሳቢ በመጣ ጊዜ ብሩን ከኮቱ አውጥታ የከፈለችው እርስዋ ነበረች፤ ፈጽሞ ዘንግታዋለች።

አባቴ ያን ዕለት ማታ ብስኩት ገዝቶ መጣ። በእኛ አገር አባት ልጁን ሲበድል ካሣው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው፤ ብስኩት ወይም ከረሜላ፥ ያለ ምንም ቃል። ወንድሜ ብስኩቱን ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወደ መኝታው ሄደ። እናቴ «እንዴት ያለ ግትር ልጅ ነው!» ብላ ተቈጣች። አባቴ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን እራት ላይ ሁላችንም ተሰብስበን ሳለ «ልጄ፥ ሳላጣራ መታሁህ። ሌባም አልሁህ። ሌባ አይደለህም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ይቅር በለኝ» አለው። ቤቱ ጸጥ አለ። አባቴ ለልጅ እንዲህ ሲናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ወንድሜ መሬት መሬት እያየ «እሺ አባዬ» አለና ምግቡን መብላት ቀጠለ። የተቃቀፈም የተላቀሰም አልነበረም። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን እንደ ልማዱ ከአባቴ አጠገብ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ሲሠራ አየሁት። ከወር በኋላም የጎረቤታችንን የእትዬን የአበባ ማሰሮ በኳስ ሰበረና፥ ማንም ሳያየው ራሱ ሄዶ «የሰበርሁት እኔ ነኝ» አላቸው። ይህ ከዚያ የእራት ምሽት የመጣ ነው ብዬ አልምልም፤ ልጅ የሚያደርገውን ስለ ምን እንደሚያደርገው የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እንደዚያ አምናለሁ።

አንዳንድ ወላጆች አባት ከልጁ ፊት ጥፋቱን ከተናገረ ክብሩ ይቀንሳል ይላሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴን ይበልጥ ፈራሁት እንጂ አልናቅሁትም፤ መፍራቴም ጥፊውን አይደለም። መምህሮቻችንም ቢሆኑ በክፍል ውስጥ በስሕተት የቀጡትን ተማሪ ቅጣቱን በሰጡበት በዚያው ክፍል ፊት «ተሳስቼ ነበር» ቢሉት፥ ስለ ይቅርታ ከሚሰጥ የአንድ ዓመት ትምህርት የበለጠ ይመስለኛል።

በዚህ ላይ የሚነሣ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። በዳዩ ጥፋቱን ፈጽሞ ባያምንስ? ሃይማኖታችን ያልጠየቀንንም ይቅር እንድንል ያስተምረን የለምን? እውነት ነው፤ ያስተምረናል። እንዲህ ያለውን ይቅርታ ያደረጉ ሰዎችን ሳስብ ራሴን ዝቅ አደርጋለሁ። ዳሩ ግን ያ ከፍታ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚወጣው ተራራ ነው። ልጅን ክንዱን ይዘው እየጎተቱ እዚያ ሊያደርሱት አይቻልም፤ ቢጎትቱት የሚማረው መውጣትን ሳይሆን መጎተትን ነው። «አሁን ባትችል ግድ የለም፤ እስከዚያው ግን እንዳትመታው፥ ስሙንም እንዳታጠፋ» ቢባል፥ ይህ ትእዛዝ በልጅ አቅም ነው።

ከዚህም ሌላ ዝም ብዬ ላልፈው የማልችለው ነገር አለ። በዳዩ ትልቅ ሰው፥ ምናልባትም ዘመድ የሆነ እንደ ሆነ፥ «የቤታችን ስም እንዳይጠፋ ይቅር በይው» የሚባሉ ልጆች አሉ። ይህ ከቶ ይቅርታ አይባልም። እንዲህ ያለውን ልጅ አዳምጦ ከሚጎዳው ሰው ማራቅና ነገሩን ለሕግ ማቅረብ የትልልቆቹ ግዴታ ነው፤ ይቅር ማለት አለማለቱ የልጁ የራሱ ጕዳይ ሆኖ ወደ ፊት የሚታይ ነው።

ወደ ቀድሞ የክፍል ጓደኛዬ ልመለስና ጽሑፌን ልፈጽም። እርስዋ ዛሬ በሌላ ትምህርት ቤት እንደ እኔው የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስትቸገር ማየት ካስደሰተኝ ዘመን አልፏል፤ በዚህ ዓመት ለሚመጣው ፈተና እንዲቀናት ከልቤ እመኛለሁ። አልፎ አልፎ በገበያ መንገድ ላይ እንገናኛለን። ሦስት ጊዜ ተሳስመን፥ ስለ ትምህርትና ስለ ቤተ ሰብ ተጠያይቀን እንለያያለን። ስለዚያ ስለ ሒሳብ ፈተና ግን አምስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። ባለፈው ጊዜ ስንገናኝ አንድ ነገር ልትናገር ፈልጋ የተወችው መሰለኝ፤ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ይህ መጽሔት በአንዱ እጅ አልፎ ከእርስዋ ዘንድ ቢደርስ፥ በሚቀጥለው ጊዜ እንዳትተወው እለምናታለሁ።