የመጀመሪያ ካሜራችን ዕዳ አይሁንብን



ውድ እህት ወንድሞች፣ ባለፈው ረመዳን በኢፍጣር ፕሮግራማችን ላይ ካነሳናቸው ፎቶዎች ግማሾቹ ጨልመው፣ ግማሾቹ ደብዝዘው ወጡ። ወዲያው «አዲስ ካሜራ ያስፈልገናል» አልን። ከመካከላችን ለቤተሰብ ሊደውሉ ስልካቸውን ያነሱም፣ ሊበደሩ ያሰቡም ነበሩ። ከቤት የሚላክልን ብር ግን አማና ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን አሰላነው፤ የደረስንበትም ይህ ነው፦ ለጀማሪ የሚሻለው ያገለገለ ካሜራና አንድ ጥሩ ሌንስ ነው።

ሻጭ ቀድሞ የሚነግረን ሜጋፒክስል ነው። ነገር ግን 12 ሜጋፒክስል ፎቶ በ300 ዲፒአይ ሲታተም ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል። በፈረንጆቹ 2011 የወጣው ካኖን 600ዲ እንኳ 18 አለው።

የእኛ ችግር የብርሃን ነበር። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስስ? 5.6ን ለ1.8 አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛው 10 ገደማ ይመጣል። ማለትም 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ለማታ ፕሮግራም ይህ ከአዲስ ካሜራ ይልቅ ይጠቅማል። ኒኮን ዲ3000ዎቹን የምትመርጡ ግን ተጠንቀቁ፤ ካሜራው ውስጥ የፎከስ ሞተር ስለሌለ ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈበት ሌንስ ፈልጉ።

«ያገለገለ ዕቃ ያከስራል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። ስለዚህ ሳንከፍል ሌንሱን ወደ ብርሃን አዙረን ፈንገስ እንዳለው እንይ፤ ነጭ ግድግዳ አንስተን ነጥብ እንፈልግ፤ ባትሪውንና ፍላሹን እንሞክር። ሻጩ ከእኛው መካከል ከሆነ ደግሞ የዕቃውን ዐይብ መደበቅ እንደማይፈቀድለት ሁላችንም መድረሳ ላይ ተምረናል።

ይህም ከአቅም በላይ ከሆነ ሦስት አራት ሆነን በጋራ እንግዛ፤ ወይም በስልካችን እንጀምር። መስኮት አጠገብ ያለውን ብርሃን ማየት በስልክም ይለመዳል። አይተን ከለመድን በኋላ የምንገዛው ካሜራ ሥራ ይሠራል፤ ሳንለምድ የምንገዛው ግን ሎከር ውስጥ ይቀመጣል። ያ ደግሞ ኢስራፍ ነው።

አላህ ከኢስራፍም ከዕዳም ይጠብቀን። ወሰላሙ ዐለይኩም!