ሐኪምነትን የሚያስመርጥ ምንድር ነው?

ብዙ አባቶችና እናቶች ልጃቸው ገና ፊደል ሳይለይ «ሐኪም ይሆንልናል» እያሉ ሲመኙ እንሰማለን። ምኞታቸው የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ልጁ የሚሰማው ስለ ሐኪም ክብርና ስለ ገቢው ብቻ የሆነ እንደ ሆነ፥ ሕሙም ሲያቃስት ባየበት ቀን ልቡ ይሸሻል። የሐኪምነት ፈቃድ የሚጸናው በሕሙም አልጋ አጠገብ ነውና።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን የኮንጎው ሐኪም ዶክተር ዴኒ ሙክዌጌ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1955 ዓ.ም. በቡካቩ ከተማ ተወለደ። አባቱ የወንጌል ሰባኪ ስለ ነበሩ፥ ሕሙማንን ለመጠየቅ ሲሄዱ ያስከትሉት ነበር። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው፥ አባቱ ለታመመ ሕፃን ጸልየው በወጡ ጊዜ መድኃኒት ለምን እንዳልሰጡት ጠየቃቸው። እርሳቸውም ሐኪም አለመሆናቸውን ነገሩት። ልጁም፥ አባቱ ሲጸልዩ እርሱ መድኃኒት የሚሰጥ ለመሆን ያን ጊዜ ቈረጠ።

ከዚህም በኋላ በቡሩንዲ ሕክምና ተምሮ በ1983 ተመረቀ። አሳቡ የሕፃናት ሐኪም ለመሆን ነበር። ዳሩ ግን በሌሜራ ሆስፒታል ሥራ በጀመረ ጊዜ፥ በወሊድ የተጎዱ እናቶች ከሩቅ ሲመጡ አየና አሳቡን ለወጠ፤ በፈረንሳይ አገር በአንዤ ከተማ የማሕፀንና የወሊድ ሕክምና ተምሮ ወደ ሌሜራ ተመለሰ። ይህ ሆስፒታል በ1996 በጦርነት ተጠቅቶ ሕሙማን በአልጋቸው ላይ ተገደሉ። እርሱ ግን ሥራውን አልተወም፤ በ1999 በቡካቩ የፓንዚን ሆስፒታል አቋቋመ። በዚያም በጦርነት ለተደፈሩ ሴቶች ስላደረገው ሥራ፥ በ2018 ከናዲያ ሙራድ ጋራ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበለ።

እንግዲህ ወላጆች ይህን ልብ እንዲሉ እንለምናለን። ሕሙም መጠየቅ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ደዌው የማይተላለፍ ከሆነ፥ ሕሙሙም ከፈቀደ፥ ልጅን ይዞ መሄድ ይገባል። «ስለ ምን አልዳነም?» ብሎ ቢጠይቅ «ዝም በል» አይባል። ሕመምን አይቶ «ይህ ሥራ ለእኔ አይሆንም» ቢልም ፈሪ ተብሎ አይሰደብ፤ ብዙ ዓመት ከተማረ በኋላ ከሚጸጸት አስቀድሞ ራሱን ማወቁ ይሻለዋልና።

ሐኪም ባይሆንም እንኳ ያየው ነገር ከንቱ አይቀርም። ነገ ሹም ሆኖ ለአንድ ወረዳ ጤና ጣቢያ ገንዘብ እንዲፈቅድ ሲጠየቅ፥ በወረቀቱ ላይ ካለው ቍጥር በስተኋላ የተኛውን ሕሙም ያስታውሳል።